ጸጥ ያለው የባሕር ዳርቻ የማን ነው?

ሰው ዕረፍትን ይሻል፤ መሻቱም ኃጢአት አይደለም። ከጫጫታና ከጥድፊያ ርቆ በጸጥታ መቀመጥ ለሥጋ ብቻ ሳይሆን ለነፍስም መድኃኒት እንደሚሆን ቅዱሳን በሕይወታቸው መስክረዋል። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም ከተልእኮ የተመለሱትን ሐዋርያት ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ እንደ ጋበዛቸው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እናነባለን። ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚያ አያበቃም። በጀልባ ተሻግረው ወደ ስፍራው ሲደርሱ ሕዝቡ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። ጌታም ዕረፍታችንን አወካችሁ ብሎ አላባረራቸውም፤ አዘነላቸው፣ አስተማራቸው፣ መገባቸውም። ማንም የሌለበት የተባለው ስፍራ ሰዎች ያሉበት ሆኖ ተገኘ። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ጥያቄ ከዚሁ ይነሣል። ዕረፍት ፍለጋ የምንሄድበት ጸጥ ያለ ስፍራ በእርግጥ ባዶ ነውን? ባዶ ካልሆነስ በዚያ ለሚኖሩት ምን ዕዳ አለብን?

ጥያቄው ከእኛ የራቀ አይደለም። ዛሬ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አክራ ወይም ወደ ሎሜ መብረር የጥቂት ሰዓታት ጉዳይ ሆኗል። ለስብሰባ፣ ለንግድ ወይም ለትምህርት ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚሄዱ ወገኖቻችን ሥራቸውን ሲጨርሱ አንድ ሁለት ቀን በውቅያኖስ ዳር ለማረፍ ቢመኙ አያስደንቅም፤ የባሕር በር የሌላት አገር ልጆች ነንና። እንግዲህ ነገሩን በምሳሌ ለማየት የጋናን የባሕር ዳርቻ እንውሰድ።

ከአክራ ወደ ምዕራብ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የታኮራዲን ከተማ ያለፈ መንገደኛ ቡሱዋን፣ ቡትሬን፣ አክዊዳን፣ በመጨረሻም የአገሪቱ ደቡባዊ ጫፍ የሆነውንና የመርከብ መብራት የቆመበትን ኬፕ ስሪ ፖይንትስን ያገኛል። በሥራ ቀን ለሄደ ሰው የኮኮናት ዛፍ ጥላ፣ ረጅም አሸዋና የሞገድ ድምፅ ብቻ ያለበት ይመስላል። ይህን ያየ ጎብኚ “ማንም ያልደረሰበት ቦታ አገኘሁ” ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ተሳስቷል። በማለዳ ቢነሣ ሌሊቱን በታንኳ የቆዩት ዓሣ አጥማጆች ሲመለሱ፣ ወንዶች ተሰልፈው ረጅሙን መረብ እየዘመሩ ከባሕር ሲስቡ፣ ሴቶችም ዓሣውን ተቀብለው በምድጃ ለማጨስ ሲሸከሙ ባየ ነበር። አሸዋው የታንኳ ማቆሚያ፣ የመረብ ማስጫ፣ የዓሣ ገበያ፣ የልጆችም መጫወቻ ነው። ለእኛ የመዝናኛ ስፍራ የሆነው ለእነርሱ እርሻቸውና ደጃቸው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የማክሰኞ ልማድ ነው። በአብዛኞቹ የጋና የባሕር ዳርቻ መንደሮች፣ በተለይም በጋና በፋንቴ ሕዝቦች ዘንድ፣ ማክሰኞ ዕለት ወደ ባሕር ወጥቶ ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው፤ በምዕራብ ባሉ አንዳንድ አካባቢዎች ደግሞ ቀኑ ሐሙስ ነው። በጥንቱ እምነት ቀኑ የባሕሩ መንፈስ የሚያርፍበት ነው። በዚያ ቀን አጥማጆቹ መረባቸውን ይጠግናሉ፣ ታንኳቸውን ያድሳሉ፣ በአለቃቸውም ፊት ጠባቸውን ይፈታሉ። እኛ ክርስቲያኖች ያንን እምነት አንጋራም። ዕረፍቱን ግን ልናከብረው ይገባል፤ ባሕሩም፣ ዓሣውም፣ ሰውም አብረው የሚያርፉበት ነውና። በኦሪት የሰንበት ሕግ ሲሰጥ ዕረፍቱ ለባለቤቱ ብቻ እንዳልሆነ እናስታውስ፤ ለአገልጋዩ፣ በደጁ ላለው መጻተኛ፣ ለከብቱም ጭምር ነበር። እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት በዚያ ዳርቻ የምናገኘው ጸጥታ እንዲያው የተገኘ ባዶነት አይደለም። ሰዎች ከዕለት ገቢያቸው ቀንሰው የጠበቁት ጸጥታ ነው።

በዚያው ዳርቻ ሌላም ዓይነት ጸጥታ አለ። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1482 በኤልሚና የሠሩት ምሽግ ዛሬም ከባሕሩ አፋፍ ቆሞ ይታያል። በዚያ ግንብ ውስጥ የጸሎት ቤት ነበረ፤ በዚያው ግንብ ውስጥ፣ በኋለኞቹ ዘመናት፣ በባርነት የተሸጡ ወንዶችና ሴቶች መርከብ እስኪመጣ ድረስ በጨለማ ታጉረው ነበር። ጸሎትና ሰንሰለት በአንድ ቅጥር ውስጥ መኖራቸው ለእኛ ለክርስቲያኖች ቀላል ነገር አይደለም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. የካቲት 1992 በሴኔጋል የጎሬን ደሴት በጎበኙ ጊዜ በባሪያዎች ቤት ቆመው ክርስቲያኖች ስለ ፈጸሙት ስለዚህ ኃጢአት የሰማይን ይቅርታ ለምነዋል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ጸጥታ መዝናኛ ሊሆን አይችልም። ቆብ አውልቀን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንቆማለን እንጂ ምሽጉን ለፎቶግራፍ ማጌጫ አናደርገውም።

ዳርቻው ራሱም ተሰባሪ ነው። በስተ ምሥራቅ፣ በቮልታ ወንዝ አፍ አጠገብ ያለችው ኬታ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በባሕር እየተበላች ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1965 የተጠናቀቀው የአኮሶምቦ ግድብ ወንዙ ይዞት ይወርድ የነበረውን ደለል በማስቀረቱ ዳርቻው የሚታደስበት አሸዋ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የተነሣው ማዕበል በዚያ አካባቢ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። በዚህ ላይ ለግንባታ ሲባል አሸዋ ከዳርቻው በመኪና ይጫናል። እንግዳው የሚያድርበት ያማረ ቤት የተሠራው ከዚያው አሸዋ ከሆነ፣ ጎብኚው ሊያየው የመጣውን ነገር ራሱ እያጠፋው ነው። የባሕር ኤሊዎችም በሌሊት ወደ አሸዋው ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት። ከእንቁላል የወጡት ጫጩቶች ወደ ባሕሩ የሚመሩት በውኃው ላይ በሚታየው ብርሃን ስለሆነ የሆቴል መብራት ወይም የእጅ ባትሪ መንገዳቸውን ያስታቸዋል።

አንዳንዱ ግን፣ “እኔ ገንዘቤን ከፍዬ ገብቻለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ዕዳ አለብኝ?” ይል ይሆናል። ገንዘብ አልጋና ምግብ ይገዛል፤ የሰውን ደጅ ግን አይገዛም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ጋራ ቤታችን በጻፉት “ላውዳቶ ሲ” በተባለው መልእክት፣ ያማሩ ስፍራዎች የግል እየሆኑ ሌላው ሰው እንዳይደርስባቸው መደረጉን አሳስበዋል። በአጥር ተከልሎ ጸጥ እንዲል የተደረገ ዳርቻ ጸጥታውን ያገኘው ታንኳዎቹን በማባረር ከሆነ፣ በዚያ የሚያርፍ ሰው በሌላው ድካም ላይ ተኝቷል።

ሌላው ደግሞ፣ “እንዲህ ከሆነ ባይሄዱ ይሻላል” ሊል ይችላል። እኛ እንዲህ አንልም። የእንግዳ መምጣት ለመንደሩ እንጀራ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ከሰው ጋር ካልተገናኘም ፍቅር አይበቅልም። ቁም ነገሩ እንዴት እንደምንሄድ ነው። አባቶቻችን መንገድ ላይ ሲመሽባቸው ከሰው ደጅ ቆመው “የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ” ይሉ ነበር። በዚህ ቃል ውስጥ ትሕትናም ክብርም አለ። እንግዳው ቤቱ የእርሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ባለቤቱም እንግዳውን የላከው ማን እንደሆነ ያውቃል። ክርስቲያን ተጓዥ በየትኛውም ዳርቻ ሊይዘው የሚገባው መንፈስ ይህ ነው።

ከዚህ መንፈስ ሥራው ይከተላል። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ከከተማ የሚመጣው ሕዝብ በሚበዛበት በሳምንት መጨረሻና በበዓል ሳይሆን በሥራ ቀን ይሂድ። ከአሸዋው ከመውረዱ አስቀድሞ በመንደሩ ያሉትን ሰላም ይበል፤ የት መዋኘት እንደሚቻልም አጥማጆቹን ይጠይቅ፤ የውቅያኖሱ ጅረት ብርቱ ነውና ምክራቸው ሕይወት ያድናል። የሚያድርበት ቤትና የሚበላው ዓሣ የመንደሩን ሰው የሚጠቅም ይሁን። ሳያስፈቅድ የሰውን ፊት ፎቶግራፍ አያንሣ። ለልጆች ሳንቲም መበተን ልመናን ያስተምራቸዋልና መርዳት የሚወድ ለትምህርት ቤታቸው ወይም ለቁምስናቸው ይስጥ። ያመጣውን ፕላስቲክ ይዞ ይመለስ፤ በሌሊት መብራቱን ያጥፋ። በማክሰኞውም ቀን እንደ ባለ አገሩ ይረፍ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ይህን ጉዳይ ለወጣቶች ቢያነሡት መልካም ነው፤ ወደ ጋና የሚሄደው ጥቂት ቢሆንም ወደ ላንጋኖና ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚሄደው ብዙ ነውና። “እኔ ሳርፍ የሚደክመው ማን ነው?” ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ወጣት የሰንበትን ምሥጢር በግማሽ ተረድቷል። ቀሪው ግማሽ ያ የሚደክመውም ሰው የሚያርፍበትን መንገድ መሻት ነው።

ባሕርንና የብስን የፈጠረ አምላክ፣ ስንጓዝ እንደ ገዢ ሳይሆን እንደ እንግዳ እንድንገባ፣ ስንመለስም ያገኘነውን ጸጥታ ለሚመጣው ሳናጎድል ትተን እንድንወጣ ጸጋውን ያድለን። አሜን።