እየነቀሉ መትከል

በሀዲያ አንድ ገበሬ ለሁለት ልጆቹ እኩል የእንሰት ችግኝ አካፍሎ አረፈ። ታላቁ፣ «ነገ ማደጋቸው አይቀርም» ብሎ ለጋዎቹን ችግኞች በሰፊው ማሳ አራርቆ ተከላቸው። ፀሐይ አቃጠላቸው፤ አረም ዋጣቸው፤ በጋው ሳይወጣ አብዛኞቹ ደረቁ። ታናሹ ችግኞቹ በመደቡ ላይ ተጠጋግተው ሲለመልሙ አይቶ ሊነካቸው ሳሳ። ከዓመታት በኋላ ሚስቱ ልትፍቅ ብትገባ ግንዱ ከክንድ አይወፍርም፤ ቆጮ የሚወጣው አልሆነም።

ሁለቱም፣ ማሳቸው ወደ ሞላላቸው ባልቴት ጎረቤታቸው ሄዱ። «እማማ፣ ችግኙ አንድ፣ አፈሩ አንድ። የእርስዎ በምን ወፈረ?»

«ልጆቼ፣ እየነቀልኩ ነው የተከልኩት» አሏቸው። «ለጋ ሳለ አጠጋግቼ፣ ሲጠነክር አራርቄ፣ ሲጎረምስ ይበልጥ አራርቄ። በተነቀለ ቁጥር ጥቂት ቀን ይጠወልጋል፤ እኔም ይጨንቀኛል። እንሰቱ ግን ያው ነው፤ የጨመርኩለት ስፍራና ፍግ ነው።»

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የእምነት ትምህርትም እንዲሁ ነው። ለስድስት ዓመት ሕፃን ስለ ጽድቅ የአዋቂ ትንታኔ የሚዘረጋ አስተማሪ እንደ ታላቁ ልጅ ያደርጋል። የ17 ዓመቷን ወጣት በዳዊትና በጎልያድ ታሪክ ብቻ የሚያቆያት ደግሞ እንደ ታናሹ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ «እግዚአብሔር መልካም ከሆነ እናቴ ለምን ሞተች?» ያለች ቀን የተማረችው አይበቃትም።

ማርቲን ሉተር ግን እንደ ባልቴቷ አደረገ። የሳክሶኒን አጥቢያዎች በጎበኘ ጊዜ ሕዝቡ የእምነቱን መሠረት እንኳ አለማወቁ አሳዘነው። በ1529 እ.ኤ.አ. ትንሹንና ትልቁን ካቴኪዝም (የእምነት ማስተማሪያ መጻሕፍት) አወጣ። ሁለቱም የሚያስተምሩት ያንኑ ነው፦ አሥርቱን ትእዛዛት፣ የእምነት መግለጫውን፣ የጌታን ጸሎት፣ ጥምቀትንና የጌታን እራት። ለአስተማሪዎች የሰጠው ምክርም ግልጽ ነበር፦ ልጆች መጀመሪያ ቃሉን ሳይለዋወጥ በቃላቸው ይያዙ፤ ቀጥሎ ትርጉሙን ይማሩ፤ ከዚያ ወደ ትልቁ ይሻገሩ።

እኛ የምንፈራው መሻገሪያውን ነው። በሕፃናት ክፍል በጥቅስ ጥናት አንደኛ የነበረው ልጅ፣ ታዳጊ ሆኖ ሲጠይቅና ሲጠራጠር ከእምነት የወጣ ይመስለንና በተግሣጽ ወደ ቀድሞው ልንመልሰው እንሞክራለን። መጠውለጉ ግን ስፍራ የመለወጡ ምልክት ነው። ያኔ የሚያስፈልገው ጥያቄውን እስከ መጨረሻው የሚሰማ፣ በቃሉ የያዘውን ያንኑ እውነት በጥልቀት የሚገልጥለት አስተማሪ ነው። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን አስተማሪ ለወጣቶቿ ታዘጋጅ።