በጎሞር የተለካ እንጀራ

የንባቡ ክፍል፤ ዘጸአት 16፥13-21፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥13-15



የእስራኤል ልጆች ከግብፅ ከወጡ በኋላ በምድረ በዳ ተራቡ፤ በተራቡም ጊዜ በባርነት ቤት ተቀምጠው ይበሉት የነበረውን የሥጋ ምንቸት አስታወሱ። እግዚአብሔርም ማንጐራጐራቸውን ሰማ፤ ነገር ግን የግብፅን ምንቸት አልመለሰላቸውም። በማለዳ እንደ አመዳይ በምድር ላይ የሚታይ ደቃቅ ነገር ሰጣቸው፤ ለእያንዳንዱም ሰው አንድ ጎሞር ብሎ ልክ አበጀለት። ብዙ የሰበሰበ አልተረፈውም፤ ጥቂት የሰበሰበም አልጐደለበትም። ከልኩ አልፎ ለነገ ያስቀመጠ ግን በነጋ ጊዜ ትል ያፈራ፥ የሸተተ ነገር አገኘ።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። ከግብፅ መውጣቱ በአንድ ሌሊት ሆነ፤ መብላትን እንደ ገና መማሩ ግን አርባ ዓመት ፈጀ። ነጻ ያወጣቸው አምላክ ካወጣቸው በኋላ አልተዋቸውም፤ እንዴት እንደሚበሉም እንደ አባት አስተማራቸው።

ይህ ቃል በዘመናችን ለአንድ ዐይነት ሕመምተኛ በተለይ ይናገራል፤ ይኸውም ሰውነቱ ከልክ በላይ ከመወፈሩ የተነሣ ጨጓራውን በቀዶ ሕክምና ላሳነሰ ሰው ነው። ነገሩን በሩቅ እንዳናየው በካርቱም ከተማ በዐማራት ሰፈር ይኖር የነበረ አንድ ወገናችንን በሐሳባችን እናቁም። ዐማራት ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተ ምዕራብ የሚገኝ፥ ጎዳናዎቹ በቁጥር የሚጠሩ ሰፈር ነው፤ ስሙም በዐረብኛ ሕንጻዎች ማለት ነው። ከጦርነቱ በፊት የኤምባሲዎች፥ የሐኪም ቤቶችና የባለጠጎች መኖሪያ ነበረ፤ ከወገኖቻችንም ብዙዎች በዚያ በሰው ቤት ሲያገለግሉ፥ በአጠገቡም ባለው በዴም ሰፈር ሻይና ቡና ሲሸጡ ኖረዋል። ሙቀት በበዛበት አገር፥ ያለ ዕረፍት በሚሠራበት ቤት፥ ስኳር በበዛበት ሻይና በዳቦ ቀኑን የሚያሳልፍ ስደተኛ ሰውነቱ ቢከብድ የሚያስደንቅ አይደለም። ክብደቱም የስኳር በሽታን፥ የደም ግፊትንና የጉልበት ሕመምን ያመጣበታል።

ሕክምናው የትናንት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ኤድዋርድ ሜሰን የተባለ ሐኪም በአሜሪካ በአዮዋ ጨጓራን አሳንሶ ከትንሹ አንጀት ጋር የሚያገናኘውን ቀዶ ሕክምና ጀመረ። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ደግሞ ከጨጓራው ከመቶ 80 እጅ ያህሉን ቈርጦ በማውጣት የቀረውን እንደ ቀጭን ቱቦ የሚያደርገው ነው። ከተቈረጠው ክፍል ጋር የረኀብን ስሜት የሚቀሰቅሰው ቅመም ዋና ምንጩ አብሮ ስለሚወጣ ረኀቡ ለጊዜው ይለዝባል። በስዊድን አገር በ1987 የተጀመረ ታላቅ ጥናት ታካሚዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታትሎ፥ ሕክምናውን ካገኙት መካከል የሞቱት ካላገኙት ይልቅ እንደሚያንሱ በ2007 ገለጠ።

ሆኖም በዚህ ሰው ላይ ከሁለት ወገን ፍርድ ይመጣበታል። አንደኛው፥ “ሆዳም ስለ ሆነ ነው፤ መጾምና መጸለይ ሲገባው ወደ ቢላዋ ሮጠ” ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ከራሱ ልብ ይነሣና፥ “እንግዲህ ቀጥኜ ሰው ሆንሁ” ያሰኘዋል። ወንድሞች ሆይ፥ ሁለቱም ከወንጌል የራቁ ናቸው። ውፍረት ከብዙ ምክንያት የሚመጣ ሕመም ነው፤ ከወላጅ የሚወረስ አለ፥ ከመድኀኒት የሚመጣ አለ፥ ከኑሮ ጭንቀትም የሚመጣ አለ። ሆዳምነት ኀጢአት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቀጭን ሆዳም እንዳለ ሁሉ ወፍራም ትሑትም አለ፤ ልብን የሚመዝን ሚዛን በእግዚአብሔር እጅ እንጂ በሐኪም ቤት የለም። እንዲሁም መቅጠን ጽድቅ አይደለም። በእግዚአብሔር ፊት የምንጸድቀው በክርስቶስ በማመን ብቻ ነው፤ ከዚህ ላይ አንድ ኪሎ የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ሥራ የለንም። ሐኪምና መድኀኒት ግን የፈጣሪ ስጦታዎች ናቸውና በምስጋና እንቀበላቸው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላስ? ጌታችን የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ካስነሣት በኋላ ያዘዘውን አስታውሱ። ወንጌላዊው ማርቆስ በ5ኛው ምዕራፍ መጨረሻ እንደሚተርከው፥ የሚበላ ነገር እንዲሰጧት አዘዘ። ሞትን ያሸነፈው ጌታ ስለ አንዲት ብላቴና ምሳ አሰበ። ስለዚህ ለታመመ ሰው ምን እንደሚበላና እንዴት እንደሚበላ መጠንቀቅ ከመንፈሳዊ ነገር ውጭ ነው አንበል።

ሐኪሞች ልኩን እንዲህ ያበጁታል። በመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት ቀን የጠራ ፈሳሽ ብቻ፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ወተትና የተጣራ መረቅ፤ ከዚያ ልሞ የተፈጨ፤ ከዚያም ለስላሳ ምግብ፤ ወደ ሁለት ወር ገደማ ደግሞ ጠጣሩን በጥቂት በጥቂቱ። ሐኪሙ እንደ ሰውየው ሁኔታ ይለዋውጠዋል። በማዕዱ ላይ ሰውነትን የሚጠግን ምግብ ይቀድማል፤ ዕንቁላል፥ ዐይብ፥ እርጎ፥ ዓሣ፥ የላመ ምስር፥ ቀጠን ያለ ሽሮ፤ እንጀራውና ዳቦው ኋላ ይከተላሉ። ጉርሻው ትንሽ፥ ማኘኩ ረጅም ይሆናል። ውኃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ፥ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ እየተጐነጨ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ይደርሳል። ስኳር የበዛበት ነገር፥ ይልቁንም ጨጓራው ከአንጀት ጋር ለተገናኘለት ሰው፥ ያልባል፥ ያዞራል፥ ልብንም ያስመታል። ቫይታሚን ቢ 12፥ ብረት፥ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚወሰዱ ናቸው።

ይህ ሁሉ ጎሞር ነው። ከልኩ ያለፈ ያን ቀን ያስታውከዋል፤ የእስራኤል ትርፍ መና በማለዳ እንደ ሸተተ የእርሱም ትርፍ ጉርሻ ወዲያው ይከሰዋል። መናውን ሁልጊዜ በየማለዳው መልቀም እንደሚያስፈልግ ይህም በየቀኑ የሚታደስ ትምህርት ነው። የዓመታት ልማድ በቢላዋ አይቈረጥምና የግብፅ ምንቸት ትዝታ ይመለሳል። አስቀድሞ ሐዘኑን፥ ብቸኝነቱን፥ የአገር ናፍቆቱን በምግብ ሲያስታግሥ የነበረ ሰው ጨጓራው ሲያንስ ሐዘኑ አያንስለትም፤ ወዴት እንደሚወስደው ያጣል። አንዳንዱ ወደ መጠጥ ይዞራል፤ ከዚህ ሕክምና በኋላ አልኮል ወደ ደም ፈጥኖ ስለሚገባ አደጋው የከፋ ነው። አንተ ወንድሜ፥ አንቺም እኅቴ፥ ሐዘናችሁን ወደ ጌታ አምጡ፤ ለታመነ ክርስቲያን ወዳጅና ለሐኪምም ንገሩ። ክብደቱ ከዓመታት በኋላ በጥቂቱ ቢመለስ ጸጋው ሄደ ማለት አይደለም፤ ነገ ማለዳ መና አለ።

አሁን ደግሞ ቃሌ ወደ ጉባኤው ነው። በአገራችን ፍቅር በጉርሻ ይገለጣል፤ ይህም መልካም ባህል ነው። ነገር ግን እንግዳው፥ “በቃኝ” ሲል “በሞቴ” ብለን እናስገድደዋለን። በሰርግ፥ በክርስትና፥ በልቅሶ ቤትም ይህ ይደረጋል። ለዚህ ሕመምተኛ ግን ያች አንዲት ጉርሻ ሌሊቱን ሙሉ ሥቃይ ልትሆን ትችላለች። ወገኖቼ ሆይ፥ ስለ እኛ የሞተ አንድ አለ፤ የእርሱም ሞት ነጻ ያወጣናል እንጂ አያስገድደንም። ስለዚህ “በሞቴ” ማለትን ትተን፥ “የበቃህን ብላ” ማለትን እንማር። እንዲሁም የቀጠነውን ሰው ባየን ጊዜ፥ “ምነው ከሳህ? ምን በሽታ አገኘህ?” እያልን በሹክሹክታ ስሙን አናጥፋ። ሰውነቱን የሚያውቅ እርሱና ሐኪሙ ነው፤ የእኛ ድርሻ ሰላምታና ጸሎት ነው።

የሚከብደው ጥያቄ ግን ገና ነው። በዚያው በሱዳን አገር በዳርፉር በዘምዘም የተፈናቃዮች ሰፈር ረኀብ መግባቱ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተረጋገጠ። አንዱ እንዳይበላ ጨጓራውን ያስቈርጣል፤ ሌላው የሚበላው አጥቶ ልጁን ይቀብራል። ይህን እያወቅን እንዴት ዝም እንላለን? ሐዋርያው ጳውሎስ የመናውን ታሪክ የጠቀሰው ስለዚህ ነው። ለቆሮንቶስ ሰዎች የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ አስተማራቸው፤ ጎሞር ለእኔ ልክ የሆነውን ያህል ለወንድሜ ድርሻ ነውና። የታመመውን አንወቅሰውም፤ የእርሱ ሕመም የሌላውን ረኀብ አላመጣም። ነገር ግን ከማዕዱ የቀነሰውን፥ ሁላችንም ደግሞ ከድግሳችን የሚተርፈውን፥ ለተራበ ብናካፍል ልካችን ምስጋና ይሆናል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ውጊያው ከመጀመሪያው ቀን በአውሮፕላን ማረፊያው ስለ ነበረ ዐማራት በእሳቱ ዳር ሆነ፤ ብዙዎቹ ሐኪም ቤቶች ሥራቸውን አቆሙ፤ ከወገኖቻችንም ብዙዎች በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ። በእንዲህ ያለ ስደት መካከል ይህን ሕክምና ያደረገ ሰው ቢኖር፥ ሐኪሙንና ቫይታሚኑን ባንድነት አጥቷል። የቢ 12 ጉድለት ቀስ ብሎ ይመጣል፤ እግርን ያደነዝዛል፥ ነርቭን ይጐዳል። ደጋግሞ የሚያስታውከውም ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ሊሄድ ይገባዋል። ስለዚህ በጎንደር፥ በባሕር ዳር፥ በደሴና በአዲስ አበባ ያላችሁ ጉባኤዎች ሆይ፥ ተመላሹን ስትቀበሉ ዳቦ ከማቅረብ በፊት፥ “የሚስማማህ ምንድር ነው? የምትወስደው መድኀኒት አለን?” ብላችሁ ጠይቁ። ማርቲን ሉተር በ1529 ባሳተመው ትንሹ ካቴኪዝም የዕለት እንጀራ ሲባል ምግብ ብቻ ሳይሆን ለሥጋችን የሚያስፈልገው ሁሉ፥ ጤናና ሰላምም ጭምር መሆኑን አስተምሯል። እንግዲህ ያንን ልመና የምንጸልይ ሁሉ የወንድማችንን መድኀኒትም እየለመንን ነው።

በመጨረሻም ወደ ጌታ ማዕድ እንመልከት። በድግስ ላይ አፍሮ የሚቀመጥ፥ ሳሕኑን ሳይጨርስ የሚነሣ ሰው በዚህ ማዕድ ከማንም አያንስም። በመሠዊያው ፊት የሚሰጠው ቍራሽ ለሁሉ ጥቂት ነው፤ በዚያ ጥቂት ውስጥ ግን ክርስቶስ ሙሉ ነው። ብዙ የተቀበለ አይተርፈውም፤ ጥቂት የተቀበለም አይጐድልበትም።

እንጸልይ። ሰማያዊ አባት ሆይ፥ በምድረ በዳ ሕዝብህን በልክ የመገብህ፥ እኛንም ልካችንን አስተምረን። በሐኪም እጅ የዳኑትን ጠብቃቸው፤ የሚታገሉትን አጽናቸው፤ የተራቡትን አጥግባቸው፤ እጃችንንም ለእነርሱ ክፈት። ለሱዳን ምድር ሰላምን ስጥ። ስለ ልጅህ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ብለህ ስማን። አሜን።