ጠራቢው

አራቱ ወንጌላት 89 ምዕራፍ ናቸው። በቀን አንድ ምዕራፍ ያነበበ የኢየሱስን ሕይወት በሦስት ወር ይጨርሳል፤ በዓመት አራት ጊዜ ይመላለስበታል። እኔም ንፋስ መውጫ ላይ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ አደርጋለሁ። ማርቆስ ምዕራፍ 6 ላይ ስደርስ ግን ቶሎ ማለፍ ያቅተኛል። ያደገበት አገር ሰዎች በትምህርቱ ተደነቁ፤ ወዲያው ጠራቢነቱ ትዝ አላቸውና ናቁት።

እስቲ ወደ እኛ እንምጣ። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያዋ የቤተልሔም አገር ነው፤ ወንጌል እንግዳችን አይደለም። ማረሻችንን የሚሠራውን ግን “ቀጥቃጭ”፣ እንስራችንን የምትሠራውን “ቡዳ” የምንል ዛሬም ሞልተናል። በማረሻው እናርሳለን፣ በእንስራው እንቀዳለን፤ ልጃችንን ለልጁ አንድርም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጅ አፍ ይይዝ ይሆናል፤ አማች አድርጉት ብሎ ግን አያስገድድም።

“እንጨትና ብረት ምን አገናኛቸው?” የሚለኝ አይጠፋም። ይሁንለት። የናዝሬት ሰዎች እኮ የናቁት ገበያ ላይ አይደለም፤ በሰንበት፣ ምኩራብ ተቀምጠው ነው። ለመሆኑ አንባቢዬ፣ የቀጥቃጩ ልጅ ለልጅዎ ሽማግሌ ቢልክ ምን ብለው ይመልሱታል?