ነውሩ የማን ነው?

ሰው ብቻውን ሲሆን ኅሊናውን፥ በጎረቤት መካከል ሲሆን ይሉኝታን ይፈራል። ማንም ማንንም በማያውቅበት ብዙ ሕዝብ መካከል ሲገባስ ማንን ይፈራል? በዓል ለማክበር፥ ጨዋታ ለማየት ወይም ዘፈን ለመስማት ከቤቷ የምትወጣ ሴት ሁሉ ይህ ጥያቄ ይገጥማታል።

ድሬዳዋ ይህን ጉዳይ ለመመርመር የተገባች ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ ከየአገሩ በመጡ እንግዶች ያደገች ስለ ሆነች፥ ከከዚራ እስከ መጋላ የማይተዋወቁ ሰዎች ተከባብረው መኖርን ለምደውባታል። በየዓመቱም ታኅሣሥ 19 ቀን የቁልቢ ገብርኤል በዓል ሲደርስ ብዙ ምእመናን በእርሷ በኩል ያልፋሉ። በዓሉም ሆነ ጨዋታው የሚሰበስበው ሕዝብ በአንድ ፍቅር የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ግፊያውን ተገን አድርጎ እጁን ወደ ሴት አካል የሚሰድ ሰው በማናቸውም ጉባኤ ሊገኝ ይችላል።

አባቶቻችን ሥነ ምግባርን ያስጠብቁበት ከነበረው መሣሪያ አንዱ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ግን የሚሠራው ሰው «የእገሌ ልጅ» ተብሎ በሚታወቅበት መንደር ነው። በማይተዋወቅ ሕዝብ ውስጥ አጥፊው ይሉኝታውን አውልቆ ሲጥል፥ የተበደለችው ግን ተሸክማው ትቀራለች፤ «ምን ይሉኛል» ብላም ዝም ትላለች። በዚህ ምክንያት ነውሩ ከሠሪው ወደ ተሠራባት ይዛወራል። የችግሩ ሥር ይህ ነው።

ሕጋችንም በዚሁ ስሕተት ውስጥ ኖሮ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ ጠላፊ ወይም ደፋሪ የበደላትን ሴት በሕግ ሲያገባ ከቅጣት የሚድንበት በር ነበረው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋ፤ በአንቀጽ 620ም አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደግሞ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ከለከለ። ሕጉ ነውሩን ለባለቤቱ ሲመልስ ልማዳችን ወደ ኋላ ቀርቷል።

«ሴት ልጅ ወደ ግፊያ ባትወጣ፥ ብትወጣም ልብሷን ብትጠነቀቅ ይሻላል» የሚሉ አሉ። በቀፊራ ገበያ ሌባ ሲሰርቅ «ዕቃህን ለምን ዘረጋህ?» ተብሎ የሚወቀስ ነጋዴ አለን? በኒው ዮርክ የሥዕላዊ ተረት ወዳጆች በሚያደርጉት ታላቅ ጉባኤ ተሰብሳቢዎች የሚወዷቸውን የተረት ጀግኖች መስለው ይለብሳሉ። በ2007 ዓ.ም. አዘጋጆቹ እንዲህ ያለው ልብስ ለመነካት ፈቃድ እንዳልሆነ የሚያስታውቅ ጽሑፍ በአደባባይ አቆሙ። እንዲህ በማድረጋቸው ጥንቃቄውን ከለባሿ ወደ ተመልካቹ መለሱት።

ስለዚህ ሕዝብ የሚሰበስብ ሁሉ እንደ ቤት ባለቤት ሊቆጠር ይገባዋል፤ እንግዳ የጠራ ሰው ስለ እንግዳው ደኅንነት ይጠየቃልና። ደንቡን አስቀድሞ ያስታውቅ፤ መግቢያና መውጫውን ያስፋ፤ ጨለማውን ስፍራ መብራት ያብራበት፤ አቤቱታ የሚቀበሉ ሴት አስተናባሪዎች የሚቀመጡበትን ቦታ በግልጽ ያሳይ። «በሐሰት የተከሰሰ ሰውስ?» ለሚል፥ አቤቱታን መስማትና መፍረድ ልዩ ልዩ ናቸው፤ የሚሰማ ከሌለ ግን እውነቱም ሐሰቱም ሳይለይ ይቀራል።

ከአዘጋጁ ሌላ በአጠገቧ የቆመው ሰው አለ። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ የሚያነቅዘውም የተመልካቹን ኅሊና ነው። «ተው!» የሚል አንድ ድምፅ ለአጥፊው የጣለውን ይሉኝታ መልሶ ያለብሰዋል።

መምህሩ ይህን በክፍሉ ቢያስተምር፥ ሹሙ የስብሰባ ፈቃድ ሲሰጥ ይህ ጥንቃቄ መሟላቱን ቢጠይቅ፥ ተማሪውም ጓደኛው ሲያጠፋ ከመሣቅ ቢቆጠብ፥ እኅቶቻችን በዓሉን እንደ ማንኛውም ሰው አክብረው በሰላም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።