ዋጋ በወደቀበት ሰዓት የምንገዛው ከማን ነው?

የአክሲዮን ንግድን በተመለከተ በሙስሊም ወጣቶች ዘንድ አዘውትሮ የሚነሳው ጥያቄ «ኩባንያው የሚሠራው ሥራ ሐላል ነው ወይስ ሐራም?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዑለማዎችም በሰፊው መልስ ሰጥተውበታል። እኔ ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ግን ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውንና ብዙም ያልተወያየንበትን ጉዳይ ነው። ኩባንያው ሐላል ሥራ የሚሠራ ነው እንበል። የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን፣ ምናልባትም በደቂቃዎች ውስጥ ሲወድቅ፣ ሌላው በድንጋጤ የጣለውን አንስቶ ከሰዓታት በኋላ በትርፍ የሚሸጥ ሰው ገንዘቡ ንጹሕ ነውን?

ይህ የሩቅ አገር ሰዎች ጥያቄ ብቻ አይደለም። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶ ያህሉን ለሕዝብ ሽያጭ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር ነበር፤ ግዥውም የሚፈጸመው በእጅ ስልክ፣ በቴሌብር ነበር። በዚያው ዓመት በጥር ወር ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተመረቀ። እንግዲህ የአክሲዮን ዋጋ መውጣትና መውረድ ወደ ቤታችን እየመጣ ነውና ሥነ ምግባሩን ከወዲሁ መነጋገር ይገባናል።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን በሁለት ምሳሌ እንመልከት። ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ዲፕሲክ የተባለ የቻይና ኩባንያ በአነስተኛ ወጪ የሠራው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወሬ የአሜሪካን ገበያ አስደነገጠ። የኤንቪዲያ አክሲዮን በዚያ አንድ ቀን 17 በመቶ ገደማ ወደቀ፤ ከኩባንያው የገበያ ዋጋ ላይ ወደ 600 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ተቀነሰ። በማግስቱ ግን ዋጋው ወደ 9 በመቶ ገደማ መልሶ ወጣ። ትናንት በፍርሃት የሸጠው ከሰረ፤ ከእርሱ የገዛው አተረፈ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ሚያዝያ 28 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2010) በኒው ዮርክ ገበያ 40 ዶላር ገደማ ያወጣ የነበረው የአክሰንቸር የቴክኖሎጂ ኩባንያ አክሲዮን በደቂቃዎች ውስጥ በ1 ሳንቲም ተሸጠ፤ ወዲያውም ወደ ነበረበት ተመለሰ። የገበያው ኃላፊዎች ከድንጋጤው በፊት ከነበረው ዋጋ ከ60 በመቶ በላይ ርቀው የተፈጸሙትን ሽያጮች ሁሉ ሰረዙ። የሻጩ እውነተኛ ፈቃድ የሌለበት ሽያጭ ሽያጭ አይደለም እንደ ማለት ነው። ታዲያ 55 በመቶ ወድቆበት የሸጠው ሰውስ? የእርሱ ሽያጭ ጸና። ሕግ የሆነ ቦታ ላይ መስመር ማስመር ግድ ይለዋል፤ ከመስመሩ ወዲህ ያለው ለኅሊና ይቀራል።

ይህን የኅሊና ጉዳይ ለመረዳት ከኒው ዮርክ ይልቅ የሰቆጣ የፍየል ገበያ የተሻለ ትምህርት ቤት ነው ብዬ አምናለሁ፤ እዚያ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ይተያያሉና። በዋግ ኽምራ ዝናብ በቀረ ዓመት፣ በ2016 ዓ.ም. እንደታየው ዓይነት ድርቅ ሲመጣ፣ ከአበርገሌ፣ ከዝቋላና ከሰሃላ ያለው ገበሬ መኖ ያጣል፤ ፍየሉ ይከሳል፤ እህል የሚሸምትበት ገንዘብ ያስፈልገዋል። ጎረቤቱም እንደዚያው ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሻጭ ሲሆን የፍየል ዋጋ ይወድቃል። ዋግ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረበት ዘመን፣ በ1965 እና በ66 ዓ.ም. የደረሰውን የወሎ ረሃብ የመረመሩት ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን፣ የእህል ዋጋ በደሴ ገበያ እንደሚጠበቀው ያህል እንዳልናረ አሳይተዋል። አርብቶ አደሩን የጎዳው የከብቱ ማለቅ ብቻ ሳይሆን፣ የተረፈው ከብት ተሸጦ የሚገዛው እህል እጅግ ማነሱም ጭምር ነበር። የዋጋ መውደቅ ሰው ይገድላል ማለት ነው።

ታዲያ በዚያ ሰዓት በግማሽ ዋጋ ፍየል ሊገዛ የመጣው ነጋዴ በዳይ ነውን? መልሱ ቀላል አይደለም። እርሱ ባይመጣ ፍየሉ እዚያው ይሞታል፤ ባለቤቱም ምንም አያገኝም። በ388 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አል-ኸጣቢ ችግር ያስገደደውን ሰው ሽያጭ ሲያብራሩ፣ ውሉ እንደ ውል የሚጸና ቢሆንም ከዲንና ከሰብዓዊ ክብር አንጻር ግን እንዲህ ያለውን ሰው ማበደር፣ መርዳትና ፋታ መስጠት እንጂ በዋጋ መጨቆን እንደማይገባ አስረድተዋል። ውሉ መጽናቱና ገዢው ከወቀሳ መዳኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

«የአክሲዮን ባለቤት እኮ እንደ ዋግ ገበሬ የተራበ አይደለም» የሚል ሊኖር ይችላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ስክሪኑ ይህን አይነግረንም። ከወዲያ ማዶ ያለው ቱጃር ሊሆን ይችላል፤ የጡረታ ገንዘቡን ያስቀመጠ ሽማግሌም ሊሆን ይችላል። በብድር የገዛ ሰው ከሆነ ደግሞ ዋጋው ሲወርድ አበዳሪው ደላላ እርሱን ሳይጠይቅ አክሲዮኑን ይሸጥበታል። የፍየሉ ባለቤት ቢያንስ «እሺ» ብሎ ገመዱን አስረክቧል፤ ይህኛው ግን መሸጡን የሚሰማው ከተሸጠበት በኋላ ነው።

በሌላ በኩል የፍየሉ ነጋዴ የገዛውን ይነዳል፤ ይቀልባል፤ መንገድ ላይ ቢሞትበት ኪሳራው የራሱ ነው። ስለ ዝናቡም ከሻጩ የተሻለ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የድርቁንም ወሬ የፈጠረው እርሱ አይደለም። ለእኔ የትርፉን ንጽሕና የሚለዩት እነዚህ ነገሮች ናቸው። በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ አክሲዮኑን በእጁ አስገብቶ፣ ቢወድቅ ኪሳራውን ሊሸከም የተዘጋጀ ሰው ከዚህ ነጋዴ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው። በወለድ ብድር የሚገዛው ግን በሪባ ላይ ቆሟል። የሌለውን አክሲዮን ቀድሞ የሚሸጠው ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው እጁ ላይ የሌለውን እንዳይሸጥ የከለከሉትን ሥራ ይሠራል።

ከሁሉም የሚከፋው ፍርሃቱን ራሱ የሚፈጥረው ነው። ለመግዛት ሳያስብ ዋጋ በመጥራት ሌላውን ማታለል፣ ማለትም ነጅሽ፣ በሸሪዓ የተከለከለ ነው። በ2002ቱ ድንጋጤ ናቪንደር ሳራኦ የተባለ የለንደን ነጋዴ ሊፈጽማቸው ያላሰባቸውን ትልልቅ የመሸጫ ትእዛዞች በኮምፒዩተር እየደረደረና እየሰረዘ ለቀውሱ አስተዋጽኦ አድርጓል ተብሎ ተከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ፍርድ ቤት በማጭበርበር ጥፋተኛ መሆኑን አመነ። ለድንጋጤው ዋና ምክንያት እርሱ ስለመሆኑ ባለሙያዎች ቢከራከሩም፣ ድርጊቱ ግን ያው ጥንታዊው ነጅሽ ነው። በቴሌግራም «ይህ አክሲዮን አበቃለት» እያለ አስወርቶ በጓሮ የሚገዛ ወጣትም ከዚህ የራቀ አይደለም።

እንግዲህ እኔ የምለው ዋጋ በወደቀ ጊዜ መግዛት በራሱ ኃጢአት ነው አይደለም። ሻጩን አለማየታችን ከኃላፊነት አያድነንም ነው። ትእዛዙን ከመስጠታችን በፊት ሻጩ ሰቆጣ ገበያ ላይ ፍየሉን ይዞ ፊታችን የቆመ አድርገን እንሰበው። እኛ የምናውቀውን እርሱም ያውቃል? ያስደነገጠው ወሬ ከእኛ የወጣ አይደለም? ነገ ተመልሶ ቢያገኘን ይህን ዋጋ የከፈልነው ለምን እንደሆነ ሳናፍር ልንነግረው እንችላለን? ለእነዚህ ቀና መልስ ያለው ሰው ይግዛ። መልስ ያጣ ግን ትርፉን ይተወው፤ ሪዝቅ ከአላህ ዘንድ ነውና በአንድ ቀን ገበያ አያልቅም።

ወላሁ አዕለም።