ለወንድ ልጅ የማይቀርብ ጥያቄ



በቂርያት መላኺ፣ በገዴራም ሆነ በያቭኔ ከትምህርት ቤት መልስ በየሕንፃው መካከል ኳስ የሚያባርሩ ልጆች አይጠፉም። ከመጣ ገና ጥቂት ወራት የሆነው ልጅ ዕብራይስጡ ባይገባውም ጨዋታው ይገባዋል። «አቀብለኝ»፣ «ወደ ግራ»፣ «ተመለስ» የሚሉትን የዕብራይስጥ ቃላት ከመማሪያ ክፍል ቀድሞ የሚሰማው እዚያ ነው። በስሙ የሚጠሩትን የመጀመሪያ ጓደኞቹንም የሚያገኘው እዚያው ነው። ወላጆቹ «አገሩን ይልመድ» ብለው ይተዉታል። ጫማው ቢቀደድ ይቆጡት ይሆናል እንጂ ለምን ተጫወትክ አይሉትም።

እህቱ «እኔም ኳስ መጫወት እፈልጋለሁ» ያለች ዕለት ግን በብዙ ቤት አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ምን ይጠቅማታል?» ይባላል። በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምረው የምንፈልገው ይህንኑ አጭር ጥያቄ ነው። ልጁን የሚወድ ወላጅ ስለ ጥቅምና ስለ ጉዳት መጠየቁ ተገቢ ነው። የሚያስገርመው ጥያቄው ለወንዱ ሳይቀርብ ለሴቷ ብቻ መቅረቡ ነው።

በመጀመሪያ «ኳስ ለሴት ልጅ ሰውነት አይስማማም» የሚለውን እንመልከት። በጎንደር ገጠር ያደገች ሴት ልጅ እንስራ አዝላ ከወንዝ ወደ ቤቷ ዳገቱን ትወጣ ነበር። እንጨት ትለቅም፣ እህል ትፈጭ፣ ታናናሾቿን በጀርባዋ ትሸከም ነበር። ያን ጊዜ «ይህ ለሴት ሰውነት ይከብዳል» ብሎ ሸክሙን የተቀበላት ሰው ብዙ አልነበረም። ኦሪትም ርብቃን የሚያስተዋውቀን እንስራዋን ይዛ ወደ ጉድጓዱ እየሮጠች ለእንግዳው አሥር ግመሎች ውሃ ስትቀዳ ነው። ግመል በተጠማ ጊዜ ምን ያህል እንደሚጠጣ ያየ ሰው የዚያችን ልጅ ጉልበት ይገምታል። እንግዲህ የሴት ልጅ ጉልበት ለሥራ ሲውል የሚመሰገን፣ ለጨዋታ ሲውል የሚያሳፍር ከሆነ ክርክሩ ስለ ሰውነት አይደለም ማለት ነው። ክርክሩ ጉልበቷን ለራሷ ደስታ ልታውለው ይገባታል ወይስ አይገባትም በሚለው ላይ ነው።

ይህ ምክንያት የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። ሠለጠኑ የሚባሉት አገሮችም ብዙ ዘመን ተናግረውታል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 26 ቀን 1920 በሊቨርፑል ከተማ ሁለት የሴቶች ቡድኖች ሲጋጠሙ 53,000 ያህል ተመልካች ገብቶ ነበር። በዓመቱ፣ በዲሴምበር 1921፣ የአገሪቱ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች አይስማማም ብሎ በአባል ክለቦቹ ሜዳዎች ላይ እንዳይጫወቱ ከለከላቸው። ክልከላው 50 ዓመት ያህል ቆየ። በኳስ የምትታወቀው ብራዚልም በ1941 በሕግ ከልክላ እስከ 1979 ድረስ አላነሣችውም። በእንግሊዝ «አይችሉም» የተባለው ሴቶቹ መቻላቸውን ካሳዩና ሜዳውን በተመልካች ከሞሉ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ።

በሩጫም እንዲሁ ነበር። በ1928 በአምስተርዳም ኦሊምፒክ ሴቶች 800 ሜትር ሮጡ። ደከማቸው ተብሎ እስከ 1960 ድረስ በኦሊምፒክ ከ200 ሜትር በላይ እንዲሮጡ አልተፈቀደላቸውም። አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ያሸነፈው በዚያው በ1960 ሲሆን፣ የሴቶች ማራቶን በኦሊምፒክ የተጀመረው ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1984 ነው። የሴቶች 10,000 ሜትር የገባው ደግሞ በ1988 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1992 በባርሴሎና፣ የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በዚሁ ርቀት ወርቅ አገኘች። ከደቡብ አፍሪካዊቷ ከኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ ዓለም አየ። እንግዲህ ደራርቱ ሃያ ዓመት ቀድማ ብትወለድ ኖሮ በዚያው እግርና በዚያው ሳንባ «ይህ ሩጫ ለሴት አይሆንም» ትባል ነበር። እሷ ከመድረሷ በፊት የተለወጠው ደንቡ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «እንደ ደራርቱ የምትሆን ከሆነማ ማን ይከለክላታል!» ሊል ይችላል። ይህ መልካም አሳብ ይመስላል፤ ነገር ግን ያው የመጀመሪያው ጥያቄ ልብሱን ቀይሮ የመጣ ነው። ወርቅ ካመጣሽ ትጠቅሚያለሽ፣ ካላመጣሽ ግን ወደ ቤትሽ ማለት ነው። ከወንዶቹ ልጆች መካከል ለዚህ ፈተና የተቀመጠ አለ? በኢትዮጵያ የተወለደው ባሩክ ዴጎ በ2004 ለማካቢ ቴል አቪቭ ተሰልፎ በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ሊግ አያክስ ላይ ግብ አግብቷል። ከኢትዮጵያ ከመጡ ወላጆች በነታንያ የተወለደው ኤሊ ዳሳ የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል ለመሆን በቅቷል። በእነርሱ እንኮራለን። ነገር ግን በየሰፈሩ ከሚጫወቱት ወንዶች ልጆች አብዛኞቹ ዴጎንና ዳሳን አይሆኑም። እንደማይሆኑም እናውቃለን። ስለዚህ ብሎ ኳሱን የሚቀማቸው የለም። ጨዋታ ልጅን እንደሚያፍታታው፣ ከጓደኛ እንደሚያገናኘው፣ መሸነፍን ያለ ጥላቻ እንደሚያስተምረው፣ ያለውን ለሌላው ማቀበልን እንደሚያስለምደው ስለምናውቅ እንተወዋለን።

ይህ ሁሉ ለሴት ልጅም አይሠራም የሚል ሰው ምክንያቱን ሊነግረን ይገባል። ስለዚህ የነገሩ ልብ ያለው ታላቅ ተጫዋች በመሆን ላይ አይደለም። ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ተራ ተጫዋች መሆን ይፈቀድላት ወይ ነው ጥያቄው። ኳሱን ስታ፣ ወድቃ፣ ስቃ፣ ተሸንፋ ወደ ቤቷ መመለስ፣ በማግስቱም ያለ አንዳች ሜዳሊያ መጫወት ትችላለች ወይ? በተለይ በአዲስ አገር ጨዋታ የመጀመሪያው መግቢያ በር ነው። ወንዱ በዚያ በር ሲገባ ሴቷ ከውጭ ከቀረች፣ በአንድ አውሮፕላን የመጡ ወንድምና እህት ወደ አገሩ እኩል አይገቡም።

«ይህ የእኛ ባህል አይደለም» የሚሉም አሉ። የእስራኤል እግር ኳስ ማኅበር በ1928 ሲመሠረት የሴቶች ሊግ የተጀመረው በ1998 ነው። በመካከሉ 70 ዓመት አለ። ስለዚህ በዚህ አገርም ቢሆን ነገሩ ገና ነው። የተውናት ኢትዮጵያም እንደተውናት አልቆመችም። «ሉሲ» የሚባለው የሴቶች ብሔራዊ ቡድን በ2004 በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ አራተኛ ወጥቷል። በዱራሜ የተወለደችው ሎዛ አበራ በስዊድን፣ በማልታና በአሜሪካ ክለቦች ተጫውታለች። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በ2024 የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፎ በሞሮኮ ለአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና ቀርቧል። አባቶቻችን «ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» ይሉ ነበር። በዚህ አገር በ2016 ከኢትዮጵያ ተወላጆች መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ዳኞች ሲሾሙ ሁለቱም ሴቶች ነበሩ። ተረቱ ችሎቱ ላይ ከተሸነፈ ኳስ ሜዳ ላይ ብቻውን እንዴት ይጸናል?

ይህን ስንል የወላጆችን ሥጋት ለመናቅ አይደለም። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። ጨዋታው በሰንበት ቢሆንስ? ልብሱ ጨዋነትን የማይጠብቅ ቢሆንስ? ልምምዱ ሲመሽ ቢያልቅስ? ክፍያውንስ ማን ይችለዋል? እናት ከሥራ ሳትመለስ ሕፃናቱን ማን ይጠብቃል? እነዚህን ሁሉ ጥያቄዎች እናከብራለን። ነገር ግን በቅድመ ሁኔታና በክልከላ መካከል ልዩነት አለ። ቅድመ ሁኔታ መፍትሔ ሲያገኝ በሩ ይከፈታል። ክልከላ ግን አንዱ ምክንያት ሲፈታ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። እያንዳንዱ ወላጅ ራሱን እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው፦ «ይህ ችግር ዛሬ ቢፈታ ልጄን እፈቅድላታለሁ?» መልሱ «አዎን» ከሆነ ችግሩን ለመፍታት እንነሣ። መልሱ «አይ» ከሆነ ግን ምክንያቱ ሰንበት ወይም ልብስ አልነበረም ማለት ነው።

ችግሩ እንደሚፈታ የሚያሳይ ምሳሌ አለ። የዓለም እግር ኳስ ደንብ ለጥቂት ዓመታት የራስ መሸፈኛን ከልክሎ ነበር። በ2011 የኢራን ሴቶች ቡድን በመሸፈኛው ምክንያት ከዮርዳኖስ ጋር የነበረውን የኦሊምፒክ ማጣሪያ ሳይጫወት ቀረ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ2014 መሸፈኛው ተፈቀደ። በ2023 በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በተደረገው የዓለም ዋንጫ የሞሮኮዋ ኑሃይላ ቤንዚና ራሷን ሸፍና ተጫወተች። ሃይማኖቷን አልተወችም፤ ኳሱንም አልተወችም። የተለወጠው ደንቡ ነው። ስለዚህ የእኛም ልጅ ረጅም እጅጌ ልብስ ብትፈልግ፣ በሰንበት አልጫወትም ብትል፣ ይህን በምዝገባው ጊዜ በግልጽ መናገር መብቷ ነው። ማትናሱና አሠልጣኙም ሊሰሟት ይገባል። በሕንፃው የሚኖሩ ሁለት ሦስት ቤተሰቦች ተራ ገብተው ሴቶቹን ልጆች ማታ ማታ ቢያመጧቸው የጨለማው ሥጋት ይቀልላል። ሕፃናቱን መጠበቅና ዕቃ ማጠብ ደግሞ አንድ ቀን የእህት፣ አንድ ቀን የወንድም ቢሆን ከሁለቱም የሚጎድል ነገር የለም።

በሌላ በኩል፣ በሩን ለሚከፍቱትም የምንለው አለን። ስም መመዝገብና ኳስ መቀበል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጅቷ ከተመዘገበች በኋላ ማንም ኳስ የማያቀብላት፣ ንግግሯ የሚሳቅበት፣ ስሟ የሚቆራረጥ ከሆነ ሜዳው ውስጥ ቆማ ከሜዳው ውጭ ናት። ለወላጆቿ የተላከው ደብዳቤ በማይገባቸው ቋንቋ ብቻ ከተጻፈም በሩ የተከፈተው በግማሽ ነው። ማስገባት ማለት ቦታ ማስያዝ ጭምር ነው።

ማኅበረሰባችን ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በጃንዋሪ 2012 በቂርያት መላኺ፣ በአንዳንድ ሕንፃዎች ነዋሪዎች ለኢትዮጵያ ተወላጆች ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው በተሰማ ጊዜ ወገኖቻችን ወጥተው ተቃውመዋል። ያን ቀን ያሳመመን የቤቱ ነገር ብቻ አልነበረም። ማንነታችን ሳይታይ፣ ጠባያችን ሳይጠየቅ መልሱ አስቀድሞ መሰጠቱ ነበር። የአባት ሥጋትና የጎረቤት ጥላቻ አንድ አይደሉም፤ አንዱ ከፍቅር፣ ሌላው ከንቀት ይወጣል። ሆኖም ኳስ ነክታ ለማታውቅ ልጅ «አይሆንልሽም» ማለት ሰውየውን ሳያዩ መልስ መስጠት ነው። ይህን የቀመሰ ሰው ለሌላው ሊያቀምሰው አይገባም።

በመጨረሻም የሰለጰዓድን ሴቶች ልጆች እናስታውስ። እስራኤል ወደ ምድሪቱ ሊገቡ በተዘጋጁ ጊዜ አምስቱ እህትማማች በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው ድርሻቸውን ጠየቁ። ሙሴ «ይህ ልማዳችን አይደለም» ብሎ አላሰናበታቸውም። ጥያቄያቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበው፤ ጥያቄያቸውም ትክክል መሆኑ ተፈረደላቸው። ከዚያ ወዲያ የእነርሱ ጥያቄ ለልጅ ልጅ የሚሆን ሕግ ሆነ። ወደዚች ምድር የገባን እኛም ሴት ልጅ ድርሻዋን ስትጠይቅ ቢያንስ የሙሴን ያህል ልንሰማት ይገባናል።

ስለዚህ፣ ወላጆች ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ እናንተ በአማርኛው፣ ልጆቻችሁ በዕብራይስጡ ገጽ አንብባችሁ በሰንበት ማዕድ ላይ ተነጋገሩበት። ልጃችሁን «ምን ይጠቅምሻል?» ከማለታችሁ በፊት «ደስ ይልሻል ወይ?» በሏት። ከዚያም ሥጋታችሁን ሳትደብቁ ንገሯት፤ እሷም የራሷን ትንገራችሁ። ምናልባት ኳስ አትወድ ይሆናል፤ መዋኘት ወይም ሩጫ ትመርጥ ይሆናል፤ ወይም አንዱንም አትፈልግ ይሆናል። ያም መልካም ነው፤ ምርጫው የእሷ ከሆነ።

ቸር ይግጠመን።