ለሁለቱም ወገን የተላከ



ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን በጻፈው ሁለተኛ መልእክቱ፣ ምዕራፍ 5፣ ራሱን የክርስቶስ መልእክተኛ ብሎ ይጠራል፤ ሥራውም ሰዎች ከእግዚአብሔር ጋር ይታረቁ ዘንድ መለመን እንደ ሆነ ያስረዳል። መልእክተኛ የላከውን ቃል እንጂ የራሱን አይናገርም። የሚሄደውም ወደ ወደደው ሳይሆን ወደ ተላከበት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ይህን አገልግሎት በመንግሥታት ዘንድ የምትፈጽመው ሐዋርያዊ እንደራሴ ወይም ኑንስዮ በሚባሉ ሊቃነ ጳጳሳት አማካይነት ነው። ከእነርሱ አንዱ ብፁዕ አቡነ ሲልቫኖ ማርያ ቶማሲ ናቸው። በ1940 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኢጣሊያ ተወለዱ፤ ስደተኞችን ለማገልገል በተመሠረተው በስካላብሪኒ ማኅበር ውስጥ በ1965 ክህነት ተቀበሉ። በ1996 ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በኢትዮጵያና በኤርትራ እንደራሴያቸው አድርገው ሾሟቸው።

ሹመታቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1998፣ በባድመ ምክንያት ጦርነት ተነሣ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አለቁ። በአንዱ ምሽግም በሌላውም በአንድ ግእዝ የሚቀድስ፣ ለአንዲት እመቤት የሚማጸን ወገን ነበረ። እኚህ ሊቀ ጳጳሳት ግን በአዲስ አበባም በአሥመራም የአንድ አባት እንደራሴ ነበሩ። ለአንደኛው ወገን ብቻ እንዲያዝኑ ሹመታቸው አልፈቀደላቸውም። የሰላም ስምምነቱ በታኅሣሥ 2000 እ.ኤ.አ. በአልጀርስ ከተፈረመም በኋላ እስከ 2003 በሁለቱም አገሮች እንደራሴነታቸው ቆዩ።

ከዚያ በጄኔቭ፣ በተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት የቅድስት መንበር ቋሚ ታዛቢ ሆነው እስከ 2016 አገለገሉ። በዚሁ ዘመን፣ በታኅሣሥ 2008፣ ቅድስት መንበር ክላስተር ቦምብን የሚከለክለውን ስምምነት በፈረመችበት ዕለት አጸደቀች። ይህ መሣሪያ በዚያ የወንድማማቾች ጦርነት ሁለቱም ወገኖች የተጠቀሙበት ነው። በ2020 ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ የካርዲናልነት ማዕርግ ሰጧቸው።

ወገኖቼ፣ ይህ አገልግሎት ለእኛ ለጎንደር ሰዎች እንግዳ አይደለም። በወገራና በዳባት ደጋ ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ የገዳይንም የሟችንም ደጃፍ ይረግጣል። አንዱ ወገን «ለእነርሱ አደላ» ይለዋል፤ ሌላውም እንዲሁ። ዳኝነቱን ትቶ ወደ ቤቱ ቢመለስ ግን ደም ደምን እየጠራ ይቀጥላል። መልእክተኛነት ዋጋ እንደሚያስከፍልም ከተማችን ታውቃለች፤ አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1854 እ.ኤ.አ. የታሠሩት በዚሁ በጎንደር ነው። ጳውሎስም በሰንሰለት ሳለ መልእክተኛነቱን አልተወም።

ከ2020 እስከ 2022 የተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ምድር ደርሶ ቁስሉን ትቶብናል። ዛሬ እያንዳንዳችን የምናውቀው፣ ስሙን መጥራት የሚከብደን አንድ ቤት አለ። ሐዘናችንን መርሳት አይጠበቅብንም፤ ፍትሕ መሻትም ኀጢአት አይደለም። ነገር ግን በጥምቀት የተቀበልነው መልእክት ለዚያም ቤት የተጻፈ ነው። ካላደረስነው ለራሳችን አስቀርተነዋል ማለት ነው።

እንግዲህ በጸሎታችን የወገናችንን ሙታን ስናስብ፣ የዚያኛውን ወገን እናት ልጅም አብረን እናስብ። የዕርቅ መንገድ ከዚህ ይጀምራል።

የሰላም አለቃ ክርስቶስ ልባችንን ያበርታ፤ አሜን።